ባዶውን ፍራው

ከደቻቱ አሸዋ ወጥታ፣ በአራት ጎማ እየሳለች፣
በሬ ላይ ስትደርስ ጠፋባት። «በቃው» አለች።
ሆዳን ናት፣ የግመል ሐኪም፤ ከሽንሌ ወዲያ ማዶ
መርፌዋን ይዛ የምትዞር፣ ክትባቱን ቀብራ በበረዶ።

የሞተሯን ሰልባትዮ፣
ፕላስቲኩን ፀሐይ በላው፤
በሳሙና ደፈነችው፣
ሳሙናውን ቤንዚን በላው።
«ድሮም አሥር ሊትር ነው፤ ለመሄድ እንጂ ለመመለስ አይበቃም፤
አቦ ነጂብ፣ ሃያ ሊትር ሥራልኝ፤ ግመል እንኳ እንዲህ አይጠማም።»

ብረት ፍለጋ ወጣሁ፤ ቀፊራን ሁለቴ ዞርኩ፤
ላሜራው ሁሉ የቆርቆሮ ዘመድ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ከአልጋ ሥር ያለው ሳጥን ትዝ ያለኝ ያን ማታ ነው።
አባቴ ከምድር ባቡር፣ ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣው፤
ከሞተ ኦቶራይ ጎን በገዛ እጁ የቆረጠው።
ጎኑ ላይ በፖንሶ የተመታ፦ አራት መቶ አሥራ ሰባት፤
በወርክሾፑ ስሙ ይህ ነበር፤ ሌላ አልነበረውም ምናልባት።

ሲከፍተው ያየነው የለም። እኛም አልጠየቅን።
ሲሞት ቁልፉን ሰበርኩት፦
አንድ ሞረድ፣ ግማሽ ጓንት፣
የቀረው አየር።

ግራ ፊቱ ጠባሳ ነበር። ባዶ ነው የተባለ በርሜል
ሲበይድ ነው ያገኘው። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል
ብቻ አስተማረኝ፦ «ሙሉውን አትፍራ፤ ሙሉ ያስታውቃል።
ባዶውን ፍራው። የሄደው ነገር ሽታው ውስጡ ይቀመጣል።»

እናም ሳጥኑን፣ ዘይት ነክቶት ይሆናል ብዬ፣
በፈላ ውኃ፣ በኦሞ፣ ሦስቴ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ ጥዬ፣
ግራይንደሩን አስነሣሁ።
ቁጥሩ ያለበትን ጎን ዞሬ ዞሬ ሳልነካ አለፍኩት፤
ሌላውን ቆረጥኩት፣ አጠፍኩት።
መሐሉ ላይ ብስ ብስ ያለ ግድግዳ አቆምኩለት፣
ቤንዚኑ በዳገት ወደ ኋላ፣ ቁልቁል ሲሆን ወደ ፊት
ተንጋግቶ እንዳይጥላት።

በእናቴ የልብስ ሳፋ፣ ውኃ ውስጥ ደፈቅኩት።
ሦስት አረፋ ወጣ፤ ሦስት ቦታ በየድኩት።
ከዚያ ዝም አለ። ልክ እንደ አባቴ።
ደስ አለኝ። ዝም ያለ ብረት ጥሩ ነው፤ ይኸው ነው ትምህርቴ።

ሐሙስ ሄደች። አርብ የለችም። ቅዳሜም የለችም።
ሰማይ ለሰማይ የሚወራ ወሬ ሰማሁ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ ከሰዓት መጣች፤ ሽፋሽፍቷ አቧራ፣ ሳቋም አቧራ።
«ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ ታንቆ ይሞታል፤
ጥቂት ካረፈ ይነሣል፣ ደግሞ ይሞታል።
ካንዴላውን ጠረግኩ፣ ካርቡሬተሩን ፈታሁ፣
ከግመሎቹ መሐል አደርኩ፣ አንተንም ረገምኩ።
ሲነጋ ክዳኑን ብከፍተው፣ ፍስስ! ብሎ አየር ሳበ፤
ተወልዶ ገና መጀመሪያውን እንደሳበ።
ይሄ ሳጥንህ፣ አቦ፣ ጠብታ አያፈስም፤
ግን መተንፈሻ የለውም። ያልተነፈሰ ደግሞ አይሰጥም።»

ምን ልበላት።
ክዳኑን ብቻ ነቅዬ፣ ከቤንዚኑ አርቄ፣ ከግንቡ ሥር ወሰድኩት።
በሁለት ሚሊ መብሻ በሳሁት።
የመርፌ ቀዳዳ የምታህል፤ ጉንዳን የማታስገባ፤
ለዚያ ሁሉ ዓመት ዝምታ
ይህን ያህል ነበር የጎደለው፤ እኔም መብሻ ነበረኝ።

ሂሳብ ስትጠይቀኝ የላሜራውን አልቆጠርኩም።
ስታስነሣው አንዴ አልሳለም።
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ከጉልበቷ ሥር እየተነፈሰ፣
ድልድዩን ተሻግሮ፣ አቧራውን ለብሶ፣ ወደ ሽንሌ ገሰገሰ።

ሽታው እጄ ላይ ቀርቷል።
ሌሊቱን ሙሉ በሳሙና ባሸው
አልለቀቀም።